የጠፋ ሁሉ አይፈለግም፤ ስለ ነሐሴ 1981 ዓ.ም. አውሮፕላን

በአማርኛችን «ጠፋ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ከብት ይጠፋል፤ መንገድ ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ ሰውም ይጠፋል። በሬ የጠፋበት ገበሬ ጎረቤቱን ቀስቅሶ፣ ዱካ ተከትሎ፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ እየጠየቀ ሲዞር ይውላል። በደርግ ዘመን ሰው የጠፋበት ቤተሰብ ግን መጠየቁ ራሱ ወንጀል እንዳይሆንበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያለቅሰው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው፤ መነሻዬም በዚያው ዘመን መጨረሻ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራሮች ውስጥ ጠፍታ የነበረች አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ናት።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1989) ሰኞ፣ የፍልሰታ ጾም በሚያዝበት ዕለት፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት የሆነች ባለ ሁለት ሞተር ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰዎችን አሳፍራ ከአዲስ አበባ ተነሣች። መድረሻዋ በጋምቤላ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ነበር። አልደረሰችም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የአሜሪካ ኮንግረስ አባልና የተወካዮች ምክር ቤት የረኀብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። በአጠቃላይ ዘጠኙ አሜሪካውያን፣ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህን የኋለኛውን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ሌላንድ ማን ነበሩ? በቴክሳስ ተወልደው፣ በሂውስተን ከተማ በድኾች ሰፈር ያደጉ፣ በሙያቸው የመድኃኒት ቅመማ ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በክፍለ ሀገራቸው ምክር ቤት ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ዝነኛዋ ባርባራ ጆርዳን በለቀቁት ወንበር ኮንግረስ ገቡ። የረኀብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲቋቋም መሪው እርሳቸው ሆኑ። የእኛ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዓለምን ባስደነገጠበት ሰዓት ወደ አፍሪቃ ቀንድ ተጉዘው፣ በአንድ መጠለያ ውስጥ ሲያዩአት የነበረች አንዲት ልጅ ፊታቸውን ለአፍታ ወደ ሌላ ሰው መለስ እስኪያደርጉ ድረስ መሞቷን ደጋግመው ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ኮንግረስ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአፍሪቃ ረኀብ እንዲመድብ ካስቻሉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው። ያ እርዳታ የደርግን ዕድሜ አራዝሟል ብለው የሚከራከሩ በዚያን ጊዜም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ክርክሩን አላጣጥለውም። ነገር ግን በኮረምና በመቀሌ ሜዳ ላይ ተኮልኩሎ እህል ይጠብቅ የነበረውን ሰው «መንግሥትህ እስኪወድቅ ታገሥ» ማለት የሚችል አንደበት ለእኔ የለኝም።

ፉኝዶስ ምን ነበር? ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው፣ በረሃና ወንዝ አቋርጠው በእግራቸው የመጡ ሱዳናውያን የሰፈሩበት ቦታ ነው። አብዛኞቹ አባትም እናትም ያልተከተሏቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ኋላ ዓለም «የጠፉት ልጆች» እያለ የጠራቸው። (ቃሉ እዚህም ተከተለን።) ሰፈሩ የእርዳታ ሰፈር ብቻ አልነበረም። ደርግ የደቡብ ሱዳኑን የነጻነት ጦር ያስታጥቅ ነበር፤ ካርቱም በአንጻሩ የሻዕቢያና የወያኔ መተላለፊያ ነበረች። እነዚያ ልጆች የሁለት መንግሥታት የእጅ አዙር ጦርነት ባፈራው ሜዳ ላይ ነበር የተቀመጡት። ሌላንድ የሚሄዱት እነርሱን ለማየት ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ሀገሩን የማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲበሩ የጊቤ ሸለቆዎች፣ ቀጥሎ የጅማና የኢሉባቦር ደጋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሰ ሰንሰለታማ ተራራ ይመጣል። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ ምድሩ እንደ ግድግዳ ይወርድና የጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሮ ዳር ትገኛለች። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ይህን ግድግዳ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ሆኖ በዚያው በተራራው ወገብ ላይ ይቀመጣል። ነሐሴ ደግሞ የክረምት እምብርት ነው። በሀገራችን ከሁሉ የበለጠ ዝናብ የሚያገኘው አካባቢ ይኸው ነው፤ ደኑ፣ ቡናው፣ ማሩ ሁሉ የዚያ ደመና ልጆች ናቸው።

ትዊን ኦተር ካናዳ ውስጥ የተሠራች፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1965 የበረረች፣ እስከ 19 መንገደኛ የምትይዝ አውሮፕላን ናት። በአጭር የሣር ሜዳ ላይ ትነሣለች፣ ታርፋለችም፤ በዚህ ጠባይዋ ለእንደኛ ያለ አገር የተሠራች ይመስላል። ነገር ግን እንደ ትላልቆቹ አውሮፕላኖች በውስጧ የአየር ግፊትን አትጠብቅምና ያለ ኦክስጅን መንገደኛ ይዛ እጅግ ከፍ ብላ ልትበር አትችልም። መነሻው ራሱ ደጋ በሆነበት አገር፣ በላይ በትንፋሽ በታች በተራራ መካከል የሚቀረው የበረራ ቦታ ጠባብ ነው። ያለ ራዳር፣ የድንጋይ ሜዳና የጎጆ ጣራ አይቶ መንገዱን የሚለይ አብራሪ ደመና ሲውጠው የሚቀረው ሰዓቱና ኮምፓሱ ብቻ ነው። የፊት ነፋስ ቢያዘገየው ሰዓቱ ያታልለዋል፤ ደጋው አልቋል ብሎ ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምር ተራራው ገና ከፊቱ ሊሆን ይችላል። በዓለም ዙሪያ አነስተኛ አውሮፕላኖች በተራራማ አገር ከሚጠፉባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው፤ ሞተራቸው ደኅና ሆኖ፣ አብራሪያቸው ነቅቶ፣ ቀጥ ብለው ወደ ተራራ መግባት።

በእርዳታ ሥራ ላይ የነበሩ አብራሪዎች ይህን ሳያውቁ አልነበረም የሚነሡት። በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ከትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የእህል ከረጢት ወደ መንደር መጣልን ያስለመዱት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ አስቀድሞ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል የበረሩ፣ ከዚያም የአየር ኃይላችን አሠልጣኝ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደሉ። እኛ የረኀብን ታሪክ ስንጽፍ ስለ መርከብና ስለ ስንዴ ቶን እንጽፋለን እንጂ ስለ አብራሪዎች እምብዛም አንጽፍም።

አውሮፕላኗ ሳትደርስ ስትቀር ፍለጋው ተጀመረ፤ ታሪኩ ለአንድ የታሪክ ተማሪ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። ጊዜውን ያስታውሷል? ደርግ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቃኘውን ጨምሮ የአሜሪካንን ወታደራዊ መሥሪያ ቤቶች ዘግቶ ሰዎቹን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካስወጣ 12 ዓመት አልፎታል። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱ ዋና ከተሞች አምባሳደር አልነበረም። የአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም በየግድግዳው፣ በየሰልፉ፣ በየቀበሌው ስብሰባ ይረገም ነበር። በሌላ በኩል መጋቢት 1980 አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ፈርሷል፤ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሠራዊቱ ተመትቶ ትግራይ ተለቅቋል፤ ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሽፏል፤ የሞስኮ እጅም እየሰበሰበ ነው። በዚህ መካከል የአንድ የአሜሪካ እንደራሴ አውሮፕላን ጠፋች፣ ዋሺንግተንም «ልፈልግ» አለች።

የኮሎኔል መንግሥቱ መንግሥት ፈቀደ። የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ሆነው በኢሉባቦርና በጋምቤላ ሰማይ ላይ ተሰማሩ፤ ሳተላይቶች ወደዚያ ደን አተኮሩ፤ የኮንግረስ አባላት ራሳቸው አዲስ አበባ ገቡ። ዝናቡና ደመናው ፍለጋውን ደጋግሞ አቋረጠው። በስድስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ እሑድ፣ ስብርባሪዋ ከፉኝዶ በስተምሥራቅ በደን በተሸፈነ ተራራ ጎን ላይ ተገኘ። በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ደርግ ለ12 ዓመታት የዘጋውን ሰማይ ለአንድ ሳምንት የከፈተው ርኅራኄ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ መንግሥቱ በዚያ ክረምት ወዳጅ ፈላጊ ነበር። ቢሆንም ሰማዩ ተከፍቷል፤ ሰዎቹም ተገኝተዋል።

ይህን ከጎኑ ካለው ታሪክ ጋር እናስተያየው። ከአምስት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.፣ የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማ ከቤቱ ወጥቶ ጠፋ። መኪናው ደብረ ዘይት መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። በሀገሪቱ ስሙ ከሚታወቁ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፤ የጠፋውም በኢሉባቦር ደን ውስጥ ሳይሆን ዋና ከተማው ጫፍ ላይ፣ በአስፋልት መንገድ ነው። ሄሊኮፕተር አልተነሣለትም፤ ጋዜጣ አልጻፈለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ፤ የት ተቀበሩ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ ሊጠይቅም አይችልም ነበር። አስከሬናቸው የተገኘው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በዚያው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከወለል ሥር ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1971 ዓ.ም. ተገድለው አፅማቸው የተገኘው በዚያው በ1984 ዓ.ም. ነው። ለእነዚህ ሰዎች ደመና አልጋረደባቸውም፤ ገደል አልያዛቸውም፤ ከምክር ቤትና ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ቦታ ነበሩ።

«ኃያል መንግሥት ስለሆነ ነዋ ያገኛቸው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ኃይልማ ተራራን ሁልጊዜ አያሸንፍም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1972 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑ መሪ ሄል ቦግስና የአላስካው ተወካይ ኒክ ቤጊች፣ ከአንድ ረዳትና ከአብራሪው ጋር፣ በአንዲት ሴስና 310 ከአንኮሬጅ ወደ ጁኖ ሲበሩ ጠፉ። ለ39 ቀናት በገዛ አገራቸው፣ በገዛ አየር ኃይላቸው ተፈለጉ። እስከ ዛሬ አልተገኙም። ሆኖም ያ ፍለጋ ባዶውን አልቀረም፤ በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ የአደጋ ጊዜ ምልክት የሚልክ መሣሪያ የግድ እንዲሆን የተደረገው ግፊት ከዚያ በኋላ በረታ። ቀጥሎም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ጫፍ ላይ ሆነው፣ ያንን ምልክት ከሰማይ የሚያዳምጥ የሳተላይት ሥርዓት በጋራ ዘረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያዎቹ ነፍሶች የዳኑበት አደጋ በካናዳ ተራራ ውስጥ የወደቀች አነስተኛ አውሮፕላን ነበረች። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 2022፣ በኔፓል 22 ሰዎች የያዘች ትዊን ኦተር፣ ማለትም የእኛይቱ ዓይነት አውሮፕላን፣ በተራራ መካከል ስትጠፋ፣ የአብራሪው የእጅ ስልክ የነበረበትን ቦታ ተከትለው በማግሥቱ አገኟት። በሕይወት የተረፈ ባይኖርም ቤተሰብ ቀባሪ ሆነ፣ ቁርጡን ዐወቀ።

ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው የሰማዩ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ሌላንድን ያስፈለጋቸው ወንበራቸው ነው። ያ ወንበር የሂውስተን ሰዎች በድምፃቸው የሰጡት ነው፤ የሰጡት ሰዎች «የት አደረሳችሁት?» ብለው የሚጠይቁት ምክር ቤት አለ፤ ያ ምክር ቤት ደግሞ ፕሬዚዳንቱን ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ በዚያ ጊዜ ብሔራዊ ሸንጎ የሚባል ነበረ፤ አባላቱም ነበሩ፤ ግን በዓሉ ግርማ የት እንደ ደረሰ ተነሥቶ ሊጠይቅ የሚደፍር የሸንጎ አባል ሊታሰብ እንኳ አይችልም ነበር። መፈለግ የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው፤ ጠያቂ የሌለው ሰው በአደባባይ መሐል ተቀምጦም የጠፋ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰባቱ ልመለስ። አብራሪዎቹ፣ የኮሚሽኑ ባልደረቦች፣ በአሜሪካው የልማት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ለሰባቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰማዩ ይከፈት ነበርን? መልሱን ለአንባቢ አልተወውም፤ አይከፈትም ነበር። የተገኙት ከዘጠኙ ጋር ስለ ተቀመጡ ነው። ስማቸው ከናካቴው አልጠፋም፤ በጊዜው በውጭ ጋዜጦች ታትሟል። እዚህ የማልዘረዝረው ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በሕይወት ያሉ የግል ሰዎች ስለሆኑና ሳያማክሩ ስማቸውን ማውጣት ተገቢ ስላልመሰለኝ ነው። የእኔ ሙግት ከስም ዝርዝሩ ጋር ሳይሆን ከአጠራሩ ጋር ነው፤ እኛ ራሳችን ነገሩን «የሚኪ ሌላንድ አውሮፕላን» ብለን እንጠራዋለን። አውሮፕላኗ የእኛ ነበረች፤ ያብራሯትም የእኛ ልጆች ነበሩ።

የሚኪ ሌላንድ ስም በሂውስተን በፌዴራል ሕንፃ ላይ፣ በዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ተርሚናል ላይ፣ በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ ተሰይሟል። በአዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራ መንገድ አለ። አንድ ጊዜ ስለ ደርግ የውጭ ግንኙነት ሳስተምር ተማሪዎቼን ስለ ሰውዬው ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ቦሌ አካባቢ ያለው መንገድ አይደለም እንዴ?» አለ፤ ክፍሉ ሣቀ። ልጁን አልወቅሰውም። የመንገድ ስም በካርታ ላይ እንጂ በታክሲ ረዳት አፍ በማይኖርበት ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ማወቁም ያስመሰግነዋል። አደጋው በደረሰ ጊዜ እኔ ራሴ ገና ሕፃን ነበርሁ፤ የማውቀው ከመጻሕፍትና ከታላላቆቼ አፍ ነው። ነገር ግን የተማሪዎቼ መጽሐፍ ስለ አፍአበት ሲናገር፣ ስለ ግንቦቱ ሙከራ ሲናገር፣ በመካከሉ በረኀብና በስደት ሥራ ላይ ሳሉ ስላለቁ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ መስመር እንኳ አለመያዙ ያሳስበኛል። የእኛ ታሪክ ገዳይንና ሟችን ጠንቅቆ ይመዘግባል፤ ቢሮ ገብቶ፣ ፋይል ይዞ፣ በክረምት አውሮፕላን የተሳፈረን ሰው ግን የት ላይ እንደሚያስቀምጠው አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገር። ሌላንድ የመሩት የረኀብ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1993 ፈረሰ፤ በወንበሩ የተተኩት ቶኒ ሆል ተቃውሟቸውን የገለጹት ለ22 ቀናት በመጾም ነበር። በዚያው ዓመት በሌላንድ ስም የተሰየመ፣ ለአሜሪካ ድኾች ልጆች ምግብ የሚያግዝ ሕግ ወጣ። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ለደቡብ ሱዳኑ ጦር ይሰጥ የነበረው ጥላም አብሮ ተነሣ። የፉኝዶ ልጆች እንደ አመጣጣቸው በእግራቸው ወደ ሱዳን ተመለሱ፤ ብዙዎቹ በክረምት የሞላውን የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ በውኃና በጥይት አለቁ። የቀሩት ኬንያ ደርሰው ካኩማ ሰፈሩ፤ ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩት ከእ.ኤ.አ. 2000 ገደማ ጀምሮ አሜሪካ ገቡ።

በ1970ዎቹ በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሠራችሁ፣ በአውሮፕላኖቹ የበረራችሁ፣ በጎሬና በጋምቤላ ማኮብኮቢያ ላይ ከብት እያባረራችሁ አውሮፕላን ያሳረፋችሁ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ጡረታ ወጥታችኋል። ማስታወሻችሁን ጻፉ፤ መጻፍ ቢያታክታችሁ ለልጆቻችሁ በድምፅ ቅረጹላቸው። የዚያን ሰኞ ማለዳ የአዲስ አበባን ሰማይ፣ ማን ተሰናብቶ እንደ ተሳፈረ፣ ማን በመጨረሻው ሰዓት እንደ ቀረ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ከዚያ ጀምሩ።